ሺምፐር፡- ከቧሂት ሥር የከረመው ቅጠል በጣሽ

በደባርቅ የገበያ ቀን ድንች በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ተደርድሮ ታያላችሁ፡፡ የሰሜን ደገኛ ድንችን ከገብስ ጎን ለጎን ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው እህል አድርጎ ነው የሚያየው፡፡ እውነቱ ግን ድንች ለአገራችን መሬት ገና 170 ዓመት ያልሞላው እንግዳ መሆኑ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ፡፡ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የዚህን ሰው ታሪክ ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን በድንቹ ምክንያት ብቻ አይደለም፡፡ ሙያዬ ሆርቲካልቸር ነው፡፡ በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ፍለጋ ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር እቀመጣለሁ፡፡ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ቲማቲም፣ ስለ ድንች ማዳበሪያ መጠን የሚያጠና ሞልቷል፡፡ ስለ ፍራፍሬ ዛፍ ላጥና የሚል ተማሪ ግን ከመጣም ወዲያው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፡፡ ዕድሉ የለም ይላሉ፡፡ ገንዘቡ የለም፣ ጊዜው የለም፣ ዛፉም የለም፡፡ እኔ ደግሞ ይህን በሰማሁ ቁጥር ሺምፐር ትዝ ይለኛል፡፡ ምክንያቱን እያደር ትረዱልኛላችሁ፡፡

ሺምፐር በ1804 በባቫሪያ፣ በኑረንበርግ አካባቢ ተወለደ፡፡ ቤተሰቡ ሊቅ የማያጣው ቢሆንም ገንዘብ ግን አልነበረውም፡፡ ታላቅ ወንድሙ ካርል ሺምፐር የበረዶ ዘመን የሚለውን ሐሳብ ከነስሙ ለሳይንስ ካበረከቱት ሰዎች አንዱ ነው፡፡ የአጎቱ ልጅም በሽበት ዕፅዋት ጥናት የታወቀ ነበር፡፡ ቪልሄልም ግን የወጣትነት ጊዜውን በከፊል በውትድርና ነው ያሳለፈው፡፡ ዘግይቶ ሙኒክ ገብቶ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ፡፡ ሀብታም ዘመድ፣ የቤተ መንግሥት ደጋፊ፣ የዩኒቨርሲቲ ወንበር የሚባል ነገር አልነበረውም፡፡

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው እንዴት አፍሪካ ሊደርስ ቻለ? ይህ የታሪኩ ክፍል በጣም ይገርመኛል፡፡ ኤስሊንገን በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ስቶይደል የሚባል ሐኪምና ሆክሽቴተር የሚባል ቄስና መምህር በ1825 አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር፡፡ የማኅበሩ አሠራር ከእኛ ዕቁብ ጋር ይቀራረባል፡፡ ዕፅዋት የሚወዱ ሰዎች፣ ሐኪሞች፣ መድኃኒት ቀማሚዎች፣ አስተማሪዎች፣ ጥቂትም መኳንንት አስቀድመው መዋጮ ይከፍላሉ፡፡ በተሰበሰበው ገንዘብ አንድ ወጣት ወደ ሩቅ አገር ይላካል፡፡ ወጣቱ የሰበሰባቸውን ዕፅዋት አድርቆ ይልካል፣ ማኅበሩም በቁጥር ለይቶ ለየአባሉ ያከፋፍላል፡፡ መንግሥት ሳይገባበት፣ አንድም ባለጸጋ ሳይሸከመው፣ በትንንሽ መዋጮ ብቻ የምርምር ዕድል ተፈጠረ ማለት ነው፡፡ ሺምፐር በዚህ መንገድ መጀመሪያ አልጄሪያ ተላከ፡፡ ቀጥሎ ግብጽንና ሲናን፣ ከዚያም ዐረቢያን አዳረሰ፡፡ በ1837 ምጽዋን አልፎ አድዋ ገባ፡፡ ሠላሳ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር፡፡

በዚያን ጊዜ ትግራይንና ሰሜንን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፡፡ የትውልድ አገራቸው ሰሜን በመሆኑ ልባቸውም እዚያው ነበር፡፡ በ1838 የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ከአድዋ ሲባረሩ ሺምፐር ግን እንዲቀር ተፈቀደለት፡፡ ሃይማኖት የማይሰብክ፣ ቅጠል ብቻ የሚለቅም ፈረንጅ ለማንም ስጋት አይሆንም ተብሎ ይሆናል፡፡ ቅጠል በጣሽ በአገራችን የሚፈራም የሚፈለግም ሰው መሆኑን ስናስበው፣ ሕዝቡ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር መገመት አያቅትም፡፡

ሺምፐር ተከዜን ተሻግሮ ሰሜን ተራሮች ላይ ወጣ፡፡ ዕፅዋቱን የለቀመባቸው ቦታዎች ስም በመለያ ወረቀቶቹ ላይ ታትሞ ይገኛል፡፡ እንጨት ቃብ፣ ደመርኪ፣ ደረስጌ፣ ስልኪ፣ ቧሂት፡፡ ሰሜን ተራሮችን የጎበኛችሁ ከሆነ ቧሂትን ታውቁታላችሁ፡፡ ጨነቅ ካምፕ የሰፈረው ከእሱ ሥር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፡፡ ከካምፑ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር መሬት የለም፡፡ ታች ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ቆላው ይታያል፡፡ ዋልያ ለማየት የሚመጡ ቱሪስቶች ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ነው፡፡ (በነገራችን ላይ ጨነቅንና ጨንቻን የሚያምታቱ አሉ፡፡ ጨንቻ በጋሞ ደጋ ያለችው የአፕል አገር ናት፡፡ አፕሉ ወደ በኋላ ይመጣል፡፡)

ዛሬ ተማሪዎችን ይዤ ቧሂት ሥር ስቆም የሚያሳስበኝ የሺምፐር ወረቀት ነው፡፡ ዕፅዋት ለማድረቅ ናሙናውን በሚመጥ ወረቀት መካከል አስተኝቶ ማጥበቅ፣ ወረቀቱንም በየቀኑ በደረቅ መለወጥ ያስፈልጋል፡፡ ወረቀቱ ካልተለወጠ ቅጠሉ ይሻግታል፣ አበባው ይጠቁራል፡፡ በሰሜን ክረምት፣ ጉምና ውርጭ በሚፈራረቁበት፣ ከሰል እንኳ በማይገኝበት ከፍታ ላይ ይህን ሥራ በሺዎች ለሚቆጠሩ ናሙናዎች መሥራት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል፡፡ ያውም ጭነቱ በበቅሎና በሰው ጀርባ እስከ ምጽዋ ወርዶ፣ በመርከብ ተጭኖ ጀርመን መድረስ ነበረበት፡፡

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ፡፡ ያንን ሁሉ ገደል የመሩት፣ ቅጠሉን አብረው የለቀሙት፣ ይህ ኮሶ ነው፣ ይህ ቀጋ ነው፣ ይህን አትንካ መርዝ ነው ብለው የነገሩት የሰሜን ሰዎች ስም ወረቀቱ ላይ የለም፡፡ የሊቁ ስም፣ የተራራው ስም፣ ወሩ አለ፡፡ የዘመኑ ልማድ ነው ብለን እንለፈው እንጂ ዕውቀቱ ግን ከግማሽ በላይ የእነሱ ነበር ባይ ነኝ፡፡

የኤስሊንገኑ ማኅበር በ1842 ፈረሰ፡፡ ሺምፐር በሰው አገር ደመወዝ አልባ ሆኖ ቀረ፡፡ ሌላው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ይሄድ ነበር፡፡ እሱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ አገሬው ሆኖ ነበር፡፡ ደጃች ውቤ እንትጮን ሰጥተው ሾመውታል፡፡ ካቶሊክ ሆኖ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወልዷል፡፡ ግብር የሚሰበስብ፣ የሚዳኝ፣ የሚያርስ ባላገር የዕፅዋት ሊቅ ሆነ፡፡ ደጃች ውቤ በደረስጌ ያሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ላይም እጁ እንዳለበት ይነገራል፡፡ ቆይቶ የፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስብስቡን እየተቀበለ ይደግፈው ጀመር፡፡

በየካቲት 1855 ደጃች ውቤ በካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ድል ሆኑ፡፡ ካሳም ውቤ ለራሳቸው ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፡፡ የጌታው መውደቅ የሺምፐርም መውደቅ ነበር፤ እንትጮ ከእጁ ወጣ፡፡ ድንቹን ያስገባው ከዚህ በኋላ፣ ግዛትም ማዕረግም ባልነበረው ዘመኑ መሆኑን ልብ በሉልኝ፡፡ የመጨረሻዎቹ የቴዎድሮስ ዓመታት ለአውሮፓውያን ክፉ ነበሩ፡፡ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከተፈቱት ውስጥ አንዱ ሽማግሌው ሺምፐር ነበር፡፡ በዚያ የመከራ ዘመንም ብዕሩን አልጣለም፡፡ ስለ ትግራይ ዕፅዋት፣ ስለ አፈሩ፣ ሕዝቡ እያንዳንዱን ተክል ለምን እንደሚጠቀምበት በዝርዝር የጻፈው በብዙ መቶ ገጽ የሚቆጠር ጽሑፍ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጧል፡፡ በቅርብ ዓመታትም ተስተካክሎ በኢንተርኔት ወጥቷል፡፡

አሁን ወደ ፍራፍሬ ዛፎቹ ልመለስ፡፡ አንባቢ ፍራፍሬ ሲባል ሙዝ፣ ብርቱካንና ማንጎ ይታየው ይሆናል፡፡ እነዚህ ሁሉ ከውጭ የመጡ ናቸው፡፡ የእኛዎቹ እሼ፣ ዶቅማ፣ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ኮሽም፣ አጋም፣ ቀጋ፣ የዱር እንጆሪ፣ እንኮይ፣ ቁርቁራ ናቸው፡፡ ከሰሜን ተራሮች አናት ወደ ተከዜ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ቀጋና እንጆሪን ከላይ፣ ኮሽምና አጋምን ከመሐል፣ ቁርቁራን ከታች ያገኛል፡፡ በአንድ ተዳፋት ላይ ከውርጭ እስከ በረሃ ያለው የአየር ጠባይ ሁሉ ተደርድሯል፡፡ በሌላ አገር ለዚህ ሲባል ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል፡፡

ሳይንስ እነዚህን ዛፎች እንዴት እንዳወቃቸው ሁለት ምሳሌ ልስጥ፡፡ የጄኔቫው አልፎንስ ደ ካንዶል ከኢትዮጵያ የተላከለትን አንድ ቁጥቋጦ በ1844 ሲሰይም የአጋም ወገን አድርጎ በሺምፐር ስም ጠራው፡፡ የእኛ ገበሬ ምሬንዝ ይለዋል፡፡ አበባው ነጭና መዓዛ ያለው፣ ፍሬውም የጠቆረ ስለሆነ አጋም ይመስላል፡፡ ነገር ግን ቅርፊቱና እንጨቱ በምሥራቅ አፍሪካ የፍላጻ መርዝ ይቀመምበታል፡፡ ሊቃውንቱ ኋላ ላይ ከአጋም ለይተው ሌላ ወገን ውስጥ አስገቡት፡፡ እረኛ ልጅ ግን ልዩነቱን ያኔም ያውቀው ነበር፡፡

ሁለተኛው ኮሽም ነው፡፡ ኮሽምን ለሳይንስ ያስተዋወቀው አሺል ሪቻርድ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፡፡ እሱ በ1847 ማሳተም የጀመረው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ የተመሠረተው በሺምፐርና ፔቲ፣ ካርቲን ዲዮን በሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ስብስብ ላይ ነበር፡፡ ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም፡፡ ካርቲን ዲዮን በንዳድ ሞተ፣ ፔቲን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው፡፡ ኮሽም ግን ባሕር ተሻገረ፡፡ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፍሎሪዳ ውስጥ ከአንድ የስሪ ላንካ ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ እነሆ በየጓሮው የሚተከል ፍሬ ሆነ፡፡ እኛ ዘንድ ዛሬም የአጥር እሾህ ነው፡፡ ኮሽም ወንዱና ሴቱ የተለያዩ ዛፎች መሆናቸውን እንኳ የሚያውቀው ጥቂት ነው፡፡ ፍሬ የማይሰጠውን ወንዱን ዛፍ ባለቤቱ መካን ነው ብሎ ቆርጦ ያነደዋል፡፡ ከዚያ ጎረቤቱ ያለችው ሴት ዛፍ ለምን ማፍራት እንዳቆመች ግራ ይገባዋል፡፡

እንግዲህ ተማሪዎቼ የሉም የሚሏቸው የምርምር ዕድሎች እነዚህ ናቸው፡፡ አንድ ተማሪ ችግኝ ሳያፈላ፣ ማሳ ሳይከራይ፣ በዳባት ዙሪያ ካሉ አጥሮች ውስጥ ስንቱ ኮሽም ሴት ስንቱ ወንድ እንደሆነ ቢቆጥር፣ ከየትኛው ሴት ዛፍ ትልቅና ጣፋጭ ፍሬ እንደሚገኝ ለይቶ ቢመዘግብ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል፡፡ የተሻለውን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሥር እንዲያወጣ መሞከር ደግሞ የሚቀጥለው ተማሪ ሥራ ይሆናል፡፡

አፕልንም እንውሰድ፡፡ ከጨንቻ ተነስቶ በብዙ ደጋ ቦታዎች ተሞክሯል፤ የሰሜን ደጋም ቅዝቃዜው ይመቸዋል ይባላል፡፡ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፡፡ አፕል እንቅልፍ የሚያስፈልገው ዛፍ ነው፡፡ በአውሮፓ ክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለሳምንታት በብርድ ካልተኛ እንቡጡ እኩል አይፈነዳም፡፡ የእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ዛፉ ሊተኛ ሲል ይቀሰቀሳል፡፡ ስለዚህ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉ ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች ይመረጣሉ፡፡ ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ ይተከላሉ፤ የአንዱ የአበባ ዱቄት ለሌላው ስለሚያስፈልግ፡፡ ገበሬውም ፍሬ ከለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጁ ያራግፋል፡፡ በደባርቅ ከፍታ ስንት ሰዓት ብርድ ይገኛል? በየትኛው ወር? ቅጠሉ መቼ ቢራገፍ ይሻላል? ለዚህ ቴርሞሜትር፣ ደብተርና ትጋት ይበቃል፡፡

ዋናው እንቅፋት ጊዜ ነው ብል አልተሳሳትኩም፡፡ ከዘር የበቀለ የፍራፍሬ ዛፍ እስኪያፈራ አምስትና ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፡፡ የማስተርስ ተማሪ ሁለት ዓመት አለው፣ አንዱ በኮርስ ያልቃል፡፡ አማካሪዎችም ብንሆን ተማሪው ቶሎ እንዲጨርስ ስለምንፈልግ በሦስት ወር የሚደርስ ሰብል እንዲይዝ እንገፋዋለን፡፡ ዛፉ ተማሪውን አይጠብቅም፣ ተማሪውም ዛፉን፡፡ በዚህ መሐል እሼውና ዶቅማው ለከሰልና ለማሳ ይቆረጣል፡፡ የሺምፐር ታሪክ የሚቆረቁረኝ እዚህ ላይ ነው፡፡ እሱ ከተማሪዎቼ የተሻለ ገንዘብ አልነበረውም፤ ከ1842 በኋላማ ጭራሽ አልነበረውም ማለት ይቻላል፡፡ የነበረው መቆየት ነው፡፡ አንዱን ተክል ሲያብብ፣ ሲያፈራ፣ ሲደርቅ በተለያየ ዓመት ደጋግሞ አይቷል፡፡ አንድ ተማሪ አርባ ዓመት ቆይ ሊባል አይችልም፤ አንድ የትምህርት ክፍል ግን ይችላል፡፡ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኖ እዚያው ተራራው እግር ሥር ተቀምጧል፡፡ ሃምሳ ዛፍ ቁጥር ሰጥቶ የአንዱን ዓመት ተማሪ መዝገብ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ቢያስረክብ፣ ስድስተኛው ተማሪ የስድስት ዓመት ጥናት ይዞ ይመረቃል፡፡

ሌላም መንገድ አለ፣ እሱን ደግሞ ያሰናዳልን ራሱ ሺምፐር ነው፡፡ በብዙ ወረቀቶቹ ላይ ቦታና ቀን ስላለ፣ ናሙናው አበባ ወይም ፍሬ ይዞ ከሆነ ያ ተክል በዚያ ዓመት በዚያ ወር ማበቡ ወይም ማፍራቱ ይታወቃል፡፡ የዛሬ ተማሪ በዚያው ተራራ በዚያው ወር ቢሄድ የአየር ንብረት ለውጥ አበባውን ወደፊት ጎትቶት ወይም ወደኋላ ገፍቶት እንደሆነ ማነጻጸር ይችላል፡፡ በሌሎች አገሮች በደረቁ ዕፅዋት ላይ እንዲህ ያለው ጥናት የተለመደ ሆኗል፡፡ አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ከ1959 ጀምሮ የአገሪቱን ደረቅ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሯል፡፡ እነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የመሩት የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራም በ1980 ተጀምሮ በ2009 በስምንት ቅጽ ተጠናቋል፡፡ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሺምፐር ስም ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ገልጦ ያየ ያውቀዋል፡፡

ሺምፐር ከመቅደላ ከወጣ በኋላ አገሩ አልገባም፡፡ ወደ አድዋ ተመልሶ ቅጠል መልቀሙን ቀጠለ፡፡ በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ሲዋጉ የፓሪሱ ድጋፍ ተቋረጠበት፤ በአንድ ጀርመናዊ ደመወዝ ለመክፈል ጊዜው አልነበረም፡፡ በ1878 በሰባ አራት ዓመቱ እዚያው አድዋ በድህነት አረፈ፡፡

የለቀማቸው ዕፅዋት በፓሪስ፣ በለንደን ኪው፣ በሽቱትጋርት፣ በቱቢንገንና በሌሎችም ከተሞች ተበትነው ይገኛሉ፡፡ በርሊን የነበሩት አብዛኞቹ በመጋቢት 1943 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ተቃጥለዋል፡፡ ጨርሰው ያልጠፉት ያ የኤስሊንገን ዕቁብ አንዱን ተክል በብዙ ወረቀት አባዝቶ ለብዙ አባላት ስላከፋፈለ ነው፡፡ በአንዱ ከተማ የተቃጠለው ወረቀት መንትያው በሌላው ከተማ ይገኛል፡፡ አሁን አብዛኞቹ ፎቶ ተነስተው በኢንተርኔት ተለቀዋል፡፡ ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ከጨነቅ ስንመለስ ደባርቅ ላይ ኔትወርክ ስታገኝ በስልኳ አንዱን ከፍታ አሳየችኝ፡፡ ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፣ አበባው ግን አልረገፈም፡፡ ከሥሩ በላቲን ፊደል ቧሂት የሚለው ስም አለ፣ ከጎኑም ወሩ፡፡ ወሩን ደብተሯ ላይ ጻፈችው፡፡